በዘይት ለጋስ፣ በውሃ ንፉግ

ዘወትር ማለዳ የቅዳሴው ዜማ በድምፅ ማጉያው እየተንቆረቆረ ከግቢዬ ሲደርስ፣ ሌላው ምእመን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ሲያማትብ፣ እኔ ግን አጎንብሼ መሬት መሬት አያለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ የሚያየኝ መንገደኛ በሽማግሌው ትሕትና ሳይገረም አይቀርም። እኔ ግን የምመረምረው ኃጢአቴን ሳይሆን፣ ከመኪናዬ ኋላ በኩል ከሲሚንቶው ላይ ሌሊቱን የተንጠባጠበውን ዘይት ነው። ጠብታው አንዳንድ ቀን የሃምሳ ሳንቲም፣ አንዳንድ ቀን የአንድ ብር ድፍን ያህል ይሰፋል፤ በሳንቲም መለካቴም ያለ ምክንያት አይደለም፣ የሚፈሰው ገንዘቤ ነውና።

ምርመራዬን ፈጽሜ ከመሪው ፊት ስቀመጥ ደግሞ ሁለተኛው መከራ ይጠብቀኛል። የበጋው አቧራ በፊት መስታወቱ ላይ እንደ ማቅ ተነጥፎ ስለሚያድር፣ ውሃ እንዲረጭ የተሠራውን አዝራር በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ እጫናለሁ፤ አሁንም ምንም። ዝናብ መጥረጊያዎቹ ግን ትእዛዝ አክባሪዎች ናቸውና፣ ደረቁን አቧራ እየፈተጉ ሁለት ግማሽ ክብ ይስሉበታል፤ እኔም በዚያ ጭረት መካከል መንገዱን እየሰለልሁ እወጣለሁ። እንግዲህ የዚህች መኪና ጠባይ በአጭሩ ይህ ነው፤ ልትይዘው የሚገባትን ታፈስሳለች፣ ልታፈስሰው የሚገባትን ትይዛለች።

መኪናዬ ቮልስዋገን ናት፤ አዲስ አበባ በቁልምጫ ቮልስ የምትላት፣ ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠው። ሞዴሏ እ.ኤ.አ. የ1970፣ ሞተሯ 1300 ሲሆን፣ በ1976 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የባዕድ አገር መምህር እጅ ገዛኋት። ይህች ፍጥረት ከጀርመን ተነሥታ ዓለምን ካዳረሰች በኋላ፣ የመጨረሻዋ እኅቷ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ከተባለችው ከተማ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ፣ የዘመዶቿ ቁጥር ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። «ይህን ያህል ዘመድ እያላት እንዲህ ብቻዋን ስታረጅ ማየት ያሳዝናል» ብዬ ብተክዝ፣ ባለቤቴ ቡናዋን ሳታስቀምጥ፣ «ብቻዋን እንኳ አላረጀችም» አለችኝ።

ሞተሯን ከኋላ አዝላ ሻንጣዋን ከፊት የታቀፈች በመሆኗ፣ በሰፈራችን አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ ሁሉ አንድ ቀን የፊት ኮፈኗን ከፍቶ «ሞተሩን ወስደውታል!» ብሎ ሳይጮህ ወሩን አይጨርስም። አጥር ተጋሪዬ የሆነው ወጣት ደግሞ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝቷል። የእርሱ ሞተር የዘይት ለውጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ በማድረግ፣ «ጋሼ፣ እንዴት አደረች? ዛሬም አፈሰሰች?» ይለኛል። እኔም፣ «ከትናንት ይሻላታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ።

ዘይት ማፍሰስ ከኪስ ይልቅ የሚጎዳው ምስጢርን መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ በቆምሁበት ደጃፍ ሁሉ ክብ ጥቁር ማኅተም ትቼ ስለምሄድ፣ የት እንደ ዋልሁ ለማወቅ እኔን መጠየቅ አያስፈልግም፤ አቀርቅሮ መሄድ ይበቃል። አንድ ቅዳሜ ለባለቤቴ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ወጣሁ፤ በእርግጥም ጠየቅሁ፤ ነገር ግን በሽተኛውን ማድከም ነውር መስሎ ስለ ታየኝ፣ የቀረውን ጊዜ ዳማ ከሚወድ አንድ ወዳጄ ቤት አሳለፍሁት። በማግሥቱ በእግራችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በወዳጄ በር በኩል አለፍን። እርሷም ቆም ብላ፣ በጃንጥላዋ ጫፍ መሬቱን እያመለከተች፣ «ዘመድህ ቤት ለወጠ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማ የምጫወተው በታክሲ ሄጄ ነው።

ከቤት ደግሞ ሲሚንቶው እንዳይበላሽ ጠርዙ የተጣመመ አሮጌ ትሪ ከሥሯ እንዳስቀምጥ ተፈረደብኝ። በወንጌል አምስቱ ሰነፎች ደናግል የተወቀሱት ዘይት ሳይዙ በመውጣታቸው ነው፤ የእኔዋ ግን ይዛ ለመውጣትስ ይዛ ትወጣለች፤ ይዛ አትመለስም እንጂ።

አገራችን መኪና የሌለው ሰው ሞልቶባታል፤ መካኒክ ያልሆነ ሰው ግን የለባትም። ባለፈው የካቲት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካቆምኋት መኪናዬ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጉባኤ ተሰበሰበ። ጡረታ የወጣው የሰፈራችን ድሬሰር መነጽሩን አስተካክሎ ጠብታውን ለብዙ ጊዜ ካየው በኋላ፣ «ግፊት ነው» አለ። «በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።» ግንበኛው የለም፣ መሠረቱ ተሰንጥቋል፣ ሙያው የእኔ ነውና አትከራከሩኝ አለ። ደላላው ማጎንበስ እንኳ ሳያስፈልገው፣ «ይሽጧት» ብሎ ዋጋ ጠራ፤ ዋጋው ከነጠብታው ሲታሰብ ነው። አንዲት አሮጊት ደግሞ ጠበል ብትረጭ ምን ይመስልሃል ብለው በቅንነት ጠየቁኝ፤ እኔም እማማ፣ ውሃ መርጨትማ እርሷም አቅቷታል ለማለት ቃጥቶኝ፣ ጾም ስለ ሆነ አፌን ሰበሰብሁ።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሰው መሪጌታ እያለ ወደሚጠራው መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። ይህ ሰው በልጅነቱ አኩፋዳ አንግቦ በየአድባራቱ የተማረ፣ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ ጋራዥ የገባ፣ ከሁለቱም አንዱን ያልተወ ሽማግሌ ነው። መኪና ሲመረምር አንድምታ የሚያስተምር ይመስላል። በካርቶን ላይ በጀርባው ተንጋሎ ከቮልሷ ሥር ከገባ በኋላ፣ ከወዲያ ማዶ ድምፁ ብቻ ይሰማኝ ጀመር።

«አንድም፣» አለ፣ «የቫልቮቹ ክዳን ጋስኬት ይሆናል፤ ቡሽ ነውና ሲያረጅ ይደርቃል። አንድም፣ ከቴስታታዎቹ ወደ ሞተሩ ሆድ ዘይቱን የሚመልሱት 8 ቱቦዎች ናቸው፤ በየጫፋቸው ላስቲክ አለና 16 የሚጠረጠር አለ ማለት ነው። አንድም፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ላስቲክ ነው። አንድም፣ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል፣ ከቮላኖው ኋላ ያለው ፓራኦሊ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ግን ሞተሩ ይወርዳል፣ አንተም ትወርዳለህ።»

«የትኛው ነው ታዲያ?»

«ትርጓሜው ገና ነው፤ ይህ ንባቡ ነው።»

ከዚያም ጣቱን በጠብታው ነክሮ አወጣና አሸተተው፤ ለእኔም ሰጠኝ። የካምቢዮ ዘይት ዲን ዲን ይላል፤ ሰዶምና ገሞራን የሚያስታውስህ ከሆነ ከካምቢዮ ነው፣ የሚያስታውስህ ጋራዥን ብቻ ከሆነ ከሞተሩ ነው አለኝ። አሸተትሁት። ያስታወሰኝ ጋራዥን ነው። በዚህ የተጠርጣሪዎቹ ቁጥር በአንድ ስለ ቀነሰ ደስ አለኝ፤ ሰው ሲቸገር በምን በምን ደስ እንደሚለው የሚገርም ነው።

እንደ እርሱ አነጋገር፣ ዘይት ሐሜተኛ ነው፤ ከአንዱ ቤት ወጥቶ በሌላው ደጅ ይወድቃል። መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ ከሥሯ እየገባ ጠብታውን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው፣ ከበስተኋላው ያለው ሁሉ ይረጥብና ንጹሑ ከወንጀለኛው ጋራ አብሮ ይያዛል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበትን ሳይሆን፣ ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ያለውን ሥፍራ መፈለግ ያስፈልጋል። ለዚህም አስቀድሞ ሆዷን በላምባና በብሩሽ አሳጥቦ፣ አድርቆ፣ ነጭ ዱቄት ነስንሶ፣ ጥቂት ነድቶ መመልከት ነው። «ለሕፃን የሚነሰነሰው ፓውደር ቢገኝ ጥሩ ነበር» አለ። እኛ ቤት ሕፃን ከጠፋ 30 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ወደ ቤቴ ሄጄ፣ ከጓዳ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በጋዜጣ ጠቅልዬ ስወጣ፣ ባለቤቴ በሩ ላይ ተገናኘችኝና፣ «ድፎ ልትደፋላት ነው?» አለች። ማስረዳት ጀመርሁ። ማስረዳቴ ነገሩን አባሰው።

ሞተሯ ታጥቦና በዱቄት ነጥቶ፣ እንደ ሙሽራ ሆኖ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ወጥተን ተመለስን። መሪጌታ እንደ ገና ከሥሯ ገባ። በካምቢዮውና በሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ዱቄቱ እንደ ነጣ ነበር፤ ሞተሩም እኔም ከመውረድ ዳንን። ከ8ቱ ቱቦዎች በሁለቱ ጫፍ ላይ እንደ ቅንድብ የቀጠነች ቡናማ መሥመር ታየች። «ይህ ዕድሜ ነው፣ በሽታ አይደለም» ብሎ አለፋት። ነገር ግን በኋላ በኩል፣ ቺንጋውን በሚያዞረው በታችኛው ፑሊ ዙሪያ፣ ዱቄቱ ካህን ጠበል እንደ ረጨበት ተዥጎርጉሮ ነበር።

መሪጌታ ከሥሯ ወጥቶ ተቀመጠና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብዙ ዝም አለ። ከዚያም እንደ ንስሐ አባት ይጠይቀኝ ጀመር።

«ዘይት ትጨምርላታለህ?»

«አዎን፤ በየሳምንቱ። ታፈስሳለቻ!»

«ስንት?»

«መለኪያው ዘንግ እንደሚለው።»

«መለኪያውን የት ሆነህ ታያለህ?»

«ከቤቴ፣ በረንዳው አጠገብ።»

ከእኔ ቤት በር እስከ በረንዳው ያለው ቁልቁለት መሆኑን እርሱም ያውቃል፤ ሲወርድ አንድ ጊዜ አንሸራቶታልና። ካለፈው ክረምት ወዲህ መኪናዋን ከጎርፉ ለማራቅ አፍንጫዋን ወደ ታች ዘቅዝቄ ከበረንዳው አስጠግቼ ነው የማሳድራት። መለኪያው ዘንግ ግን ያለው በሞተሩ ኋላ፣ በዚያው በፑሊው አጠገብ ነው። አፍንጫዋ ሲዘቀዘቅ ዘይቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሸሽና ዘንጉ ደረቅ ደረቁን ያሳያል፤ እኔም ራብ ይዟታል ብዬ አጎርሳታለሁ። የዚህች ሞተር ሆድ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በፑሊው በኩል ደግሞ እንደ ሌሎቹ ፓራኦሊ አልተሠራላትም፤ ሊያመልጥ የሚሞክረውን ዘይት እያዞረ ወደ ውስጥ የሚመልስ ጠመዝማዛ መሥመር ነው ያላት። ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ ያ መሥመር አልቻለም። ከሜዳ ላይ አቁመን፣ ጥቂት አስተንፍሰን፣ ዘንጉን ብንመዝዘው፣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ሳልቸኩል፣ በትዕግሥት፣ በየሳምንቱ እየገዛሁ አፈሰስሁ፤ ከዚያም በትሪ ለቀምሁ።

«ጾም ያስፈልጋታል» አለ መሪጌታ።

«ዘይት የጾም አይደለም እንዴ?» አልሁት፤ ሁዳዴ ነበርና።

«የጾምም ቢሆን ጥጋብ አለው» አለና የሆዷን ቡሎን ፈትቶ ትርፉን አወረደላት። ሁለቱ ቱቦዎች ላስቲካቸው ከሱማሌ ተራ እስኪገኝ ድረስ እንዲሁ ይቆዩ፤ ከታችኛው ምልክት ሳይደርስ አንዲት ጠብታ እንዳትጨምር ብሎ ቀኖና ሰጠኝ።

እግረ መንገዴን ስለ ውሃው ነገርሁት። ይህን በሽታ ከዚያ በፊት ለሌላ ሐኪም አሳይቼው ነበር። አንድ ዘመናዊ ጋራዥ የሚሠራ ትጉህ ወጣት ግማሽ ቀን ሙሉ ፊውዝ ሲፈትሽ፣ ሽቦ ሲከተል ውሎ፣ በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ውሃውን የሚገፋው ሞተር የለም፤ ነቅለው ወስደውታል» አለኝ። ዘበኞቹ ስለ ትልቁ ሞተር የሚሉትን እርሱ ስለ ትንሹ ስላለው ለማመን አልተቸገርሁም። የመፈተሻ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ነጂዎች እንደሚያደርጉት፣ የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በስቼ፣ በየመብራቱ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ መስታወቱን እረጭ ነበር፤ ግማሹ መስታወቱን፣ ግማሹ እጅጌዬን ያጥባል።

መሪጌታ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ። የፊት ኮፈኗን ከፍቶም፣ «ሞተር ኖሯት አያውቅም» አለ። «የወሰደባት የለም። ይህን ተመልከት!» ከስኮርታ ጎማው ቫልቭ ተነሥታ ወደ ውሃው ዕቃ የምትሄድ ቀጭን ጥቁር ቱቦ አሳየኝ። ጀርመኖቹ ሲሠሯት፣ ውሃውን የሚገፋ ሞተር ማስገባት ወጪ መስሎ ስለ ታያቸው፣ ያለ ሥራ ተኝቶ የሚሄደውን ስኮርታ ጎማ ሥራ ሰጡት፤ የጎማው አየር ውሃውን ይገፋል፣ አዝራሩ ሲጫን ውሃው መንገድ አግኝቶ ይወጣል። ጎማውም ለእንግዳ ሲያፈስስ ራሱ ባዶ እንዳይቀር፣ ለመንገድ የሚበቃው አየር ሲቀር የሚዘጋ ቫልቭ አድርገውለታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ እኔ ውሃው እስከ አፉ መሙላቱን በየወሩ እያየሁ፣ የሚገፋው አየር መኖሩን ግን የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው ቀዝቃዛ ላብ መጣብኝ። ይህ ማለት ስኮርታዬ ምን ያህል አየር እንዳለው ሳላውቅ ለስንት ወር ስሄድ ነበር ማለት ነው። በገና ሰሞን ደብረ ብርሃን ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ያውም በሌሊት፣ ያውም ከነባለቤቴ። አዝራሩ በየማለዳው ሲነግረኝ የነበረው ይህንኑ ኖሯል።

ጎሚስታው ዘንድ ሄድን። ልጁ ቱቦውን ይዞ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ተንጎራደደና፣ «የትኛው ነው ጋሼ?» አለ።

«ስኮርታው።»

«ስንት ልሙላው?»

«42።» መሪጌታ የነገረኝ ይህን ነው።

«42! ጭነት አለው እንዴ?»

«የለም፤ መስታወት ሊያጥብ ነው።»

ልጁ ወደ መሪጌታ ተመለከተ፤ ብቻዬን እንድነዳ የተዉኝ ልጆች እንዳሉኝ የሚጠይቅ አመለካከት ነበር። ሆኖም ሞላ። የመርጫዋን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመርፌ ከፈትሁና፣ ከመሪው ፊት ተቀምጬ፣ አማትቤ አዝራሩን ተጫንሁት። የወራት ዝምታ በአንድ ጊዜ ተሰበረ። ውሃው በመስታወቱ ላይ በመውረድ ፈንታ፣ ከጣሪያው በላይ እንደ ቀስት ተወርውሮ፣ ከኋላ ቆሞ ይህን ጉድ ሲጠባበቅ የነበረውን ጎሚስታ ፊቱን አጠበው። የመርጫዋን አፍንጫ ዝቅ አድርገን አስተካከልናት። ልጁ ሂሳብ አልቀበልም አለ፤ ይህን ያየ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር ይል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ እንደ ልማዴ አጎነበስሁ። ከትሪው ላይ የነበረችው ጠብታ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ወጣቱ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል፣ ሳይጠይቀኝ፣ «ጾም ይዛለች» አልሁት። ነጭ ሱሪዬን ለብሼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዳሁ። በመንገድ ላይ አቧራ በተነሣ ቁጥር አዝራሩን እጫናለሁ፤ አቧራ ባልተነሣም ጊዜ እጫናለሁ፤ የፊት መስታወቴን የክርስትና ቀን ያህል አነጣሁት።

ነገር ግን ውሃው ወደ መርጫዋ የሚደርሰው በዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በዚያው በአዝራሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ በኩል ነው። ቱቦው ምናልባት ከዓመታት በፊት ተሰንጥቆ ኖሯል፤ የሚገፋው አየር ባልነበረ ጊዜ ስንጥቁ የሚታወቅበት ምክንያት አልነበረም። አሁን ግን 42 አየር ከኋላው ቆሟል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሼ ስወርድ፣ ጭኔ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ፤ ባየው፣ ነጩ ሱሪዬ ከጭኔ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ጋቢዬን ወደ ፊት ስቤ ለመሸፈን ስጣደፍ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የቆመው ድሬሰር አየኝ። እያዘነ ቀረበኝ፤ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

«አይሸማቀቁ» አለኝ፤ «በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።»